ማማ፣ ውሻ፣ አጥር ወይስ ጠመንጃ? የጣና ዳር በቆሎን ከዱር አሳማ ለማዳን

የቡሄ ማግስት ነበር። ልጆቹ ጅራፋቸውን ሰቅለዋል። በጅራፍ ጩኸት ሲናጋ የከረመው ሰፈር ጭጭ ብሏል። ማለዳ ወደ ማሳ ስወርድ ዳር ዳሩ ላይ ያለው በቆሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እፎይ አልኩ። አሥር እርምጃ ወደ ውስጥ ስገባ ግን መሬቱ ድንኳን የተነቀለበት የሠርግ ቤት መስሏል። አገዳው ተረግጦ ተጋድሟል። ገና ወተት የቋጠረው እሸት ተግጦ ቆረቆንዳው ጭቃ ውስጥ ተጥሏል።

"ከርከሮ ጨረሰን!" አልኩ።

አጎቴ ቁጢጥ ብለው ጭቃውን አዩ። "ከርከሮማ ማታ ይተኛል። ይኼ የሌሊት እንግዳ ነው" አሉ።

ከተማ ስመለስ አንድ ጓደኛዬ ማኪያቶውን እያማሰለ "አንድ ሾትገን ገዝታችሁ አትገላገሉም?" አለኝ። ሾትገን ማለቱ የአደን ጠመንጃ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ቀላል እንዳልሆነ ለማወቅ ግን ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። በባሕር ዳር ዙሪያ፣ ከሐይቁና ከጥሻው አጠገብ በቆሎ የሚዘራ ሰው ምን ምን ምርጫ እንዳለው፣ የትኛው ለማን እንደሚሆን፣ ያየሁትን ያህል ልጻፍ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ሰው እነዚህን ነገሮች በብር ያወዳድራቸዋል። እኔ የማወዳድራቸው በእንቅልፍ ነው። ከገበሬው ኪስ በፊት የሚያልቀው እንቅልፉ ነውና።

የመጣው ማን ነው?

ብዙዎቻችን አሳማ የሚመስለውን አውሬ ሁሉ ከርከሮ እንላለን። ሁለት ናቸው። ከርከሮ የቀን አውሬ ነው። ሲመሽ ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓዱን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አልቆፈረውም፤ አዋልዲጌሳ ቆፍሮ የተወው ነው። አገባቡ ያስቃል። ክራንቻው ወደ ውጭ እንዲሆንለት በኋላው እየተሳበ ነው የሚገባው። ሲግጥ በፊት ጉልበቱ ይንበረከካል። ሲሮጥ ጭራውን እንደ አንቴና ያቆማል።

የዱር አሳማው ደግሞ ጠጉራም ነው። ክራንቻው አጭር ነው። ቀን ቀን ጥሻ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሲጨልም ይወጣል፤ ሲመጣም ከነቤተሰቡ ነው። አንድ ትልቅ ወንድ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። አገዳውን በደረቱ ገፍቶ ይጥልና እሸቱን ይግጣል። ድንች ወይም ስኳር ድንች ካለማ በሬ የጠመደ ነው የሚመስለው።

ልዩነቱን ማወቅ ሊቅ ለመባል አይደለም። ቀን የሚመጣውን ሌሊት ብትጠብቁት የምታተርፉት ወባ ብቻ ነው።

ሌሎችም አሉ። ጃርት አገዳውን ከሥሩ ይቆርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ወስፌውን ጥሎ ስለሚሄድ አያከራክርም። ጦጣ በቀን ትመጣለች፣ ልጣጩን ገልጣ ሁለቴ ነክሳ ትወረውርና ወደ ሌላው ታልፋለች። ማባከኗ ከመብላቷ ያናድዳል። ጉማሬ ከሆነ ደግሞ ሰፊ መንገድ ከፍቶ ነው የሚገባው፣ ዱካውም አራት ጣት አለው። ለጉማሬ የሚሆነው መላ ሌላ ነው። እሱን የሚጠብቅ ሰው አንድ ነገር ይያዝ፤ በአውሬውና በውኃው መካከል አይቁም።

ማን እንደመጣ ለማወቅ ርካሹ ዘዴ አመድ ነው። ማታ አጥሩ የሳሳበት ቦታ ላይ አመድ በስሱ ትበትናላችሁ። ጠዋት ጠሉ ሳይደርቅ ታያላችሁ። የአሳማ ሰኮና ለሁለት የተከፈለ ነው፤ መሬቱ ጭቃ ከሆነ ከኋላው ሁለት ትናንሽ ነጥቦች ይጨምራል። እኛ ሦስት ቀን በተናል። ሦስቱንም ቀን የገቡት በአንድ በኩል፣ ከወንዙ ጥሻ ነው። ከዚያ በፊት አራቱንም ማዕዘን ነበር የምንጠብቀው።

ማማ

የጣና ዳር ሰው የሚያውቀው ይኼንን ነው። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ወለል፣ የሣር ክዳን፣ መሰላል። ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ካለ በቆሎውን ከላይ ያሳያል። ከእንጨቱ ሌላ ወጪ የለውም። ወንጭፍና ባትሪ ይዞ የሚቀመጥ ንቁ ሰው ካለ ከማማ የሚበልጥ መላ አላየሁም።

ችግሩ "ንቁ ሰው" የሚለው ላይ ነው። በቆሎው ወተት ከቋጠረበት እስኪታጨድ ድረስ ሁለት ወር ሊሆን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ነቅቶ የሚያድር ሰው የለም። መጀመሪያ ሳምንት ይነቃል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ በየሰዓቱ ይጮኻል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያንኮራፋል፣ አሳማውም ማንኮራፋቱን ይሰማል።

የማማው ቦታ ከቁመቱ ይበልጣል። እነዚህ አውሬዎች ዓይናቸው ደካማ ነው፣ አፍንጫቸው ግን ጉድ ነው። ጣና ዳር ነፋሱ ቀንና ሌሊት አቅጣጫ ይቀይራል። ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል። ሌሊት የብሱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ስለዚህ አውሬው የሚመጣው ከሐይቁ ወገን ከሆነ ሌሊት የሰው ሽታ ራሱ ይደርሰዋል፤ ማማው ላይ መገኘታችሁ ብቻ ግማሽ ሥራ ነው። ከኮረብታው ወገን የሚመጣ ከሆነ ግን ጠረናችሁ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። አታስፈራሩትም፣ መጮህ የግድ ይሆናል። በርበሬ ከእበት ጋር እያጨሱ ለመከላከልም ስሌቱ ያው ነው። እኛ የመጀመሪያውን ክረምት ማማውን ከሐይቁ ጎን ሠርተን አሳማዎቹ ግን የሚመጡት ከላይ ነበር። ጭሱን የቀመሰው ደንገሉ ነው።

የተደበቀው ወጪ ወባ ነው። እሸት የሚደርስበትና ወባ የሚበረታበት ጊዜ አንድ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ። ማማ ላይ አጎበር ሳይሰቅሉ ማደር በቆሎውን አድኖ ለመርፌ መገበር ነው። ሌላው ወጪ ልጆቹ ናቸው። የቀኑን ጥበቃ ብዙ ቤት ለልጅ ነው የሚሰጠው፣ ትምህርት ደግሞ በመስከረም ይከፈታል።

መፍትሔው ወንፈል ነው። ማሳቸው የተያያዘ አራት ቤተሰቦች አንድ ማማ መሐል ላይ ቢሠሩ አንድ ሰው በአራት ሌሊት አንዴ ነው የሚነቃው። ይኼ ሲባል ቀላል ነው። የአንዱ በቆሎ ቀድሞ ይደርሳል፣ ያ ሰውዬ ከታጨደለት በኋላ ተራው ሲመጣ ሆዱን ያመዋል። ስለዚህ ስምምነቱ ዘር ሳይወርድ፣ በሰኔ፣ ሽማግሌ ባለበት ቢሆን ይሻላል። አብሮ የሚዘራ አብሮ ይደርስለታል፣ ጭቅጭቁም ይቀንሳል።

ማስፈራሪያ፣ ቆርቆሮ፣ ፓውዛ

ለአንድ ሳምንት ይሠራሉ። ኮት የለበሰ የእንጨት ሰው፣ ነፋስ የሚያንቋቋው ጣሳ፣ ሌሊቱን የሚያወራ ሬዲዮ፣ በሶላር የሚበራ ፓውዛ፣ ሁሉም ያው ነው። አውሬው አዲስ ነገር ይፈራል፤ ከዚያ ይለምደዋል። ጉዳት እንዳላመጣበት ካየ እንዲያውም የእሸት ምልክት ያደርገዋል። የሚገዛው ሰው በየሦስት ቀኑ ቦታውን እየቀየረ፣ እሸቱ ጣፋጭ በሆነባቸው ሳምንታት ብቻ ቢጠቀምበት ይሻላል። ከሰኔ ጀምሮ የሰቀለው ሰው በነሐሴ የተሰቀለ ጌጥ ነው ያለው።

ውሻ

እኔ ከሁሉም ለውሻ አደላለሁ። ምክንያቱም እንቅልፉን የሚሰጠው እሱ ነው። ማማ ላይ ያለው ሰው ሊያንቀላፋ ይችላል፣ ውሻው ሲጮህ ይነሣል። ማማና ውሻ ሲጣመሩ ያንኮራፋውም ሰው ዘበኛ ይሆናል።

አንድ ውሻ አይበቃም። አንድ ብቻውን ሲሆን ወይ ይፈራል ወይ ይሞኛል። ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ ይደፋፈራሉ። ከጎረቤት የሚመጣ ቡችላ ከትልቅ ውሻ ጋር ካደገ ብዙ ማስተማር አያስፈልገውም፣ ሲጮህ ይጮሃል። የሚፈለገው የሚጮህ ውሻ ነው። የሚይዝ ውሻ አይደለም። ይኼን ያወቅነው በደም ነው። አንዱ ውሻችን ጥሻ ድረስ ተከትሎ ገባ። ጎኑ በክራንቻ ተተርትሮ ተመለሰ። በጆንያ ጠቅልለነው በባጃጅ ባሕር ዳር እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድነው። ባለ ባጃጁ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀን። ተሰፍቶ ዳነ፤ ከዚያ ወዲህ አጥሩን አያልፍም፣ ከድሮው የበለጠ ግን ይጮሃል። የተሻለ ዘበኛ ሆነ ማለት ነው።

የውሻ ወጪው ምግቡና ክትባቱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም፣ ከአውሬ ጋር የሚጋፈጥ ውሻ ደግሞ መከተብ አለበት። ሌላው ጣጣ ጎረቤት ነው። ሰፈሩ የተጠጋጋ ከሆነ ሌሊቱን የሚጮህ ውሻ የእናንተን እንቅልፍ ሰጥቶ የሌላውን ይወስዳል።

አጥር

አሳማ አብዛኛውን ጊዜ አጥር አይዘልም፣ በሥር ነው የሚገባው። ይኼን ያልያዘ አጥር ሁሉ ከንቱ ነው። የእሾህ አጥር ስታጥሩ ከላይ ያለውን አታሳምሩ፤ ታችኛውን አጥብቁ። አፍንጫውን ያስገባበት ክፍተት ካለ ጭንቅላቱን ያስገባል፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል።

የእሾህ አጥር በየዓመቱ ይበሰብሳል፣ እንጨትም ይጨርሳል። የድንጋይ ካብ ካለ ዕድለኞች ናችሁ፤ ደረት ላይ የሚደርስ ካብ፣ መሠረቱ ክንድ ያህል የተቀበረ፣ ከላዩ እሾህ የተጣለበት፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጉልበቱ ግን የደቦ ነው፣ የአንድ ሰው አይደለም። ቅንጭብና ቃጫ ተክሎ አጥር ማድረግ ርካሽ ነው፤ እስኪጠቀጠቅ ሁለት ሦስት ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅንጭብ ስትቆርጡ ወተቱ ዓይናችሁ እንዳይገባ፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ለጊዜው ማየትም ሊከለክል ይችላል።

የኤሌክትሪክ አጥር ሰው እየጠየቀኝ ነው። ትክክለኛው ዓይነት በሶላር ይሠራል፣ በየሰከንዱ አንዴ አጭር ምት ይለቃል፣ ያስደነግጣል እንጂ አይገድልም። ለአሳማ ሦስት መስመር ሽቦ ይበቃል፤ ከመሬት 20፣ 40 እና 60 ሴንቲ ሜትር ላይ። አፍንጫው እርጥብ ስለሆነ አንዴ ከነካ ይማራል። ድክመቱ ሣሩ ነው። በክረምት ሣር አድጎ ሽቦውን ሲነካ ኃይሉን መሬት ያስገባዋል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ሥሩን ማረም ነው። አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ ልናገር፦ የቤት መብራት ከቆጣሪ ጎትቶ ሽቦ ላይ ማሠር አጥር አይደለም። ወጥመድ ነው፣ የሚይዘውም ውኃ ልትቀዳ የወጣች ሴት ወይም ጥጃ ሊሆን ይችላል።

ከአጥር ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በማሳውና በጥሻው መካከል አሥር አሥራ አምስት ሜትር ያህል ገላጣ መተው። አሳማ ገላጣ ማቋረጥ አይወድም። ወደ ሐይቁ በኩል ግን ደንገሉን ለማቃጠል የሚያስብ አይጠፋም። ይቅር። የጣና ሐይቅ በ2007 በዩኔስኮ በባዮስፌር መጠበቂያነት ተመዝግቧል፣ ደንገሉም ደለሉን የሚያጣራልን እሱ ነው። ገላጣው ከማሳው ጠርዝ ይወሰድ። እዚያ ላይ ኑግ መዝራት ይቻላል፤ ከብት አይበላውም፣ ለዘይትም ይሆናል።

ጠመንጃ

አሁን ወደ ጓደኛዬ ማኪያቶ።

ሾትገን በአንድ ተኩስ ብዙ እርሳስ የሚበትን ወይም አንድ ትልቅ እርሳስ የሚወረውር የአደን መሣሪያ ነው። በውጭ አገር አሳማ አዳኞች በብዛት የሚመርጡት ባለ 12 ቁጥሩን ነው፣ የአፈሙዙ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ባለ 20 ቁጥሩ ጠበብ ይላል፣ ትከሻም ያን ያህል አይመታም፤ ለቀጭን ሰው ይሻላል። ተሰብሮ የሚጎርሰው ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት አፈሙዝ ቀላልና አስተማማኝ ነው፣ ባዶ መሆኑም በዓይን ይታያል። በእጅ እየተሳበ የሚያጎርሰው ጭቃና አቧራ ይችላል፣ አራት አምስት ጥይት ይይዛል። ራሱ የሚያጎርሰው ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ጽዳት ይወዳል። ለአሳማ ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብባል መካከለኛውን ነበር የምመርጠው።

ከመሣሪያው ይልቅ ወሳኙ ጥይቱ ነው። የወፍ ጥይት አሳማ አይገድልም፣ አቁስሎ ይለቀዋል። ትልልቅ ፍሬ ያለው ጥይት በተለመደው ዓይነቱ 8.4 ሚሊ ሜትር የሆኑ 9 እርሳሶች ይይዛል። እስከ 30 ሜትር ድረስ ነው የሚታመነው። አፈሙዙ ካልጠበበ 30 ሜትር ላይ እርሳሶቹ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበተናሉ፤ የአሳማው ወሳኝ ቦታ ግን ከአንድ ሰሐን አይበልጥም። የቀሩት የት ይሄዳሉ? አንድ እርሳስ ያለው ጥይት 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ እስከ 70 ሜትር በደንብ ይመታል። ከሳተ ግን ብዙ መቶ ሜትር ይጓዛል።

ይህንን ሁሉ ወደ ማሳችን አምጡት። ሌሊት ነው። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ነው። በባትሪ ከ15 ሜትር በላይ አይታይም። ወዲያ ማዶ በሌላ ማማ ላይ የጎረቤት ልጅ አለ። ከዚያ ወዲያ ጎጆ አለ። የምትተኩሱት ወደሚንኮሻኮሽ በቆሎ ነው፣ የሚንኮሻኮሸው ደግሞ የጠፋ ጥጃ ሊፈልግ የገባ ሰው ሊሆን ይችላል። የቆሰለ የዱር አሳማ ደግሞ ሁልጊዜ አይሸሽም፣ ሰው ላይ ሊመጣ ይችላል፤ በቆሎ ውስጥ ገብቶ የሚፈልገው ማን ነው?

ሕጉም አለ። መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። አውሬ ማደን በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ሌላ ፈቃድ ነው። አንዱ ፈቃድ ሌላውን አይተካም፤ ክላሽ ያለው ሁሉ አዳኝ አይደለም። ሥጋውም ለእኛ አገር ክርስቲያንም ሙስሊምም አይሆንም፤ ሌላ ቦታ አዳኙን የሚያጽናናው የሥጋ ክምር እዚህ ጅብ መጥሪያ ነው። በዚህ ዘመን ሌሊት የተኩስ ድምፅ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ለባሕር ዳር ዙሪያ ሰው አይነገርም።

አጎቴን ጠየቅኋቸው። "ጋሼ፣ ጠመንጃ ቢኖረን ምን ይሉ ነበር?"

"መጀመሪያ ጠመንጃውን የሚጠብቅ ሰው እቀጥር ነበር" አሉ።

መንጋው በጣም ከበዛና ሌላው ሁሉ ካልሠራ መሄጃው የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። ማመልከቻው ብቻችሁን ሳይሆን የቀበሌው ሰው ፈርሞበት ቢሆን ይሰማል።

መርዝና የሽቦ ወጥመድ

አይነኩም። የሽቦ ወጥመድ ውሻችሁንና የጎረቤት ጥጃን ነው ቀድሞ የሚይዘው። በፀረ ተባይ የተለወሰ በቆሎ የገደለውን አውሬ ጥንብ አንሣው ይበላዋል፣ ውሻው ይበላዋል፣ ዝናቡ ደግሞ ቀሪውን ወደ ሐይቁ ያወርደዋል። ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን።

ታዲያ ለማን ምን?

ማሳው ከቤት ጎን ከሆነና ቃዳ (ሩብ ሄክታር) የማይሞላ ከሆነ ሁለት ውሻና ሥሩ የጠበቀ የእሾህ አጥር ይበቃል። ማማ አያስፈልግም፣ ቤታችሁ ራሱ ማማ ነው።

ማሳው ከቤት ከራቀና ጎረቤቶች አብረው ከዘሩ ማማ በወንፈል፣ ከውሻ ጋር። ነፋሱን እያያችሁ ሥሩት።

በመስኖ ሁለቴ የምታመርቱ ከሆነ፣ በተለይ በበጋ ዙሪያው ደርቆ የእናንተ ማሳ ብቻውን አረንጓዴ ሲሆን፣ አውሬው ሁሉ እዚያው ነው የሚመጣው። እንደዚያ ከሆነ ለሶላሩ አጥር የወጣው ብር ይመለሳል። የውኃ ሞተር የገዛ ሰው ይኼን መግዛት ይችላል፣ ከሁለት ጎረቤት ጋር ቢሆን ደግሞ ይቀለዋል።

ጥሻ ውስጥ የተሰነቀረች ብቸኛ ማሳ ያለው ሰው ግን እውነቱን ልንገረው። እዚያ በቆሎ አትዝራ። ጌሾ ትከል፣ በርበሬ ዝራ። ዘጌዎች በሬ ሳይጠምዱ ከቡናና ከጌሾ ጋር የኖሩት እንዲሁ አይደለም። ክረምት ሙሉ ከአሳማ ጋር ተፋጥጦ ግማሹን ብቻ ከማጨድ ይሻላል።

እኛ ዘንድሮ ከሦስት ቤት ጋር ተስማምተናል። ማማውን ከሐይቁ ጎን ወደ ላይ አዙረን ጥሻው ፊት ለፊት ተክለነዋል። ባለ ጠባሳው ውሻ ከሥር ይተኛል። አጎቴ የውሻውን ቁራሽ እንጀራ እንዳልረሳ በየቀኑ ይደውላሉ። የእኔ ተራ ማክሰኞ ነው። አጎበሩን ገዝቻለሁ።